ሰባራ ድልድይና አላታ፦ ዓባይን የተሻገሩ የድንጋይ ቅስቶች

የዓባይን የድንጋይ ድልድዮች ታሪክ አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በየቁራጩ ነው። ጢስ ዓባይን ሊያይ የሄደ ሰው «ፖርቹጋል ድልድይ» የሚባለውን ተሻግሮ፣ ፎቶ ተነሥቶ ይመለሳል። ሌላው ወገባቸው በገመድ ታስሮ ከአንዱ ገደል ወደ ሌላው የሚጎተቱ ገበያተኞችን ፎቶግራፍ አይቷል። ሌላው ደግሞ ዐፄ ፋሲል ኖራውን በእንቁላል አስቦኩት ሲባል ከአያቱ ሰምቷል። ሦስቱም የአንድ ታሪክ ቁራጮች ናቸው፤ ታሪኩን ከሥሩ ጀምሬ ልተርከው። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ውኃ አጥር በነበረበት ዘመን (እስከ 1620)

ከዓባይ ራቅ ብለን ከወሎ እንነሣ። ውኃ ለቀድሞው ሰው ምን እንደነበረ ለመረዳት ሐይቅና አርዲቦ የተባሉት ሁለት ሐይቆች ዳር ቆሞ ማየት ይበቃል። አርዲቦ ከፍ ብሎ ተራራ ሥር ይተኛል፤ ትርፍ ውኃውን አንካርካ የተባለው ወንዝ ተቀብሎ ቁልቁል ወደ ሐይቅ ያወርደዋል። ሐይቅ ግን የሚፈስበት በር የለውም። ያገሬው ሰው ሐይቁ እንዴት እንደተፈጠረ ሲያወራ ነገሩን ከፍርድ ጋር ያያይዘዋል። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ተበደለች፤ እግዚአብሔር ተቆጣና ዙሪያውን ሁሉ ውኃ አደረገው፤ ልዕልቲቱ ከነወዳጅ ዘመዶቿ ሰጠመች፤ ነፍሰ ጡሯ የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ደሴት ሆኖ ቀረ። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ መጥተው የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ያጸኑት በዚያ ደሴት ላይ ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ተምረውበታል፤ አበምኔቱም ዐቃቤ ሰዓት ተብለው በነገሥታቱ ፊት ትልቅ ቦታ ነበራቸው።

ገዳሙን ለሦስት መቶ ዓመት ገደማ ቅድስናውም ውኃውም ጠበቁት። በ1531 የኢማም አሕመድ ጦር ሐይቅ ዳር ሲሰፍር የደሴቱ ሰዎች ታንኳዎቻቸውን ወደራሳቸው ስበው ነበርና ሠራዊቱ መሻገሪያ አጣ። እንጨት ማሰርና ተንሳፋፊ መሥራት ግድ ሆነበት። ያ ሁሉ ጦር፣ ሸዋን ድል አድርጎ የመጣ ጦር፣ ለጥቂት ጊዜ እንኳ በአንድ ሐይቅ መቆሙ ውኃ ምን ያህል አጥር እንደነበረ ያሳያል። ተንሳፋፊው ሲሠራ ግን አጥሩ ተጣሰ፤ የገዳሙም ሀብት ተወሰደ። ዛሬ ደሴቱ በጠባብ የመሬት ልሳን ከዳሩ ተያይዞ በእግር ይገባበታል።

ዓባይ ደግሞ ከሐይቅ እጅግ የከፋ አጥር ነበር። ከጣና ወጥቶ ጢስ ዓባይ ላይ ከተወረወረ በኋላ ገደል ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ጎጃምን እንደ ቀለበት ይዞራታል፤ በአንድ ወገን በጌምድርን፣ ዝቅ ሲል የወሎን ቦረና፣ ከዚያም ሸዋን ከጎጃም ይለያል። በበጋ መልካ ፈልጎ መሻገር ይቻል ነበር። ክረምት ሲገባ ግን የጎጃምና የበጌምድር ሰው ለሦስትና ለአራት ወር ይቆራረጣል። ጣና አፍ ላይ የደንገል ታንኳ አለ፤ ሌላው ቦታ ዋናተኛ የሚመራው ሰው በተነፋ ቁርበት ላይ ደረቱን አስደግፎ ነፍሱን አደራ ሰጥቶ ይሻገር ነበር። ከጢስ ዓባይ ዝቅ ብሎ፣ አላታ ላይ፣ ወንዙ በሁለት ዐለት መካከል ተጨምቆ በጣም ይጠባል። እዚያ ላይ ግንዶች ተጋድመው የንጉሡ ሠራዊት እንዳለ የተሻገረበት ጊዜ እንደነበረ ኢየሱሳዊው ሚሲዮናዊ ጀሮኒሞ ሎቦ ጽፏል። የድልድዩን ቦታ ተፈጥሮ አስቀድማ መርጣ ነበር ማለት ነው። የጎደለው ዕውቀቱ ነበር።

ኖራና ቅስት (1620ዎቹ)

ያ ዕውቀት የመጣው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው። ሱስንዮስ በ1607 ነገሡ። ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ ከእሳቸው ጋር ተወዳጅቶ በ1618 የዓባይን ምንጭ አየ፤ በ1622 ሞተ። በዚያው ዓመት ንጉሡ የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ። በ1625 ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ከሕንድ በኩል ገባ። በአገሪቱ ላይ ከባድ መከፋፈል ያመጣው ይኸው ግንኙነት ነው፤ ከጎአና ከዲዩ ባለ እጆችን ያመጣውም እሱው ነው።

ከዚያ በፊት የአገራችን ግንበኛ ድንጋይ በጭቃ ወይም ያለ ማያያዣ ይደረድር ነበር፤ ላሊበላን ከዐለት የፈለፈለ ሕዝብ ድንጋይ መጥረብ አላጣም። ያልነበረው ተቃጥሎና ተቦክቶ የሚጸና ኖራ ነው። በ1620ዎቹ መጀመሪያ ከሕንድ የመጣ አንድ ባለሙያ ለኖራ የሚሆን ቀላልና ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ እዚሁ አገር አገኘ። ኢየሱሳዊው ማኑኤል ዴ አልሜይዳ ይህን እንደ ትልቅ ዜና መዝግቦታል። ዜናው በእውነትም ትልቅ ነበር።

ቅስት የሚቆመው ድንጋዮቹ እርስ በርስ ስለሚገፋፉ ነው። በመጀመሪያ ከእንጨት ግማሽ ክብ መደገፊያ ይሠራል። በእሱ ላይ የተጠረቡት ድንጋዮች ከሁለቱም ወገን እየተደረደሩ ወደ መሐል ይወጣሉ። የመጨረሻው ድንጋይ አናቱ ላይ ሲገባ እንጨቱ ይነሣል። ከዚያ ወዲያ ሸክሙ ድንጋዮቹን ይበልጥ ያጣብቃቸዋል እንጂ አይበትናቸውም፤ ግፊቱም ወደ ሁለቱ ዳር ይሄዳል። አላታ ላይ ሁለቱም ዳር ሕያው ዐለት በመሆኑ ግንበኛ ከዚያ የተሻለ መሠረት ሊመኝ አይችልም።

በ1626 አካባቢ አላታ ላይ የድንጋይ ቅስት ተዘረጋ። ሎቦ በዓባይ ላይ የመጀመሪያው ድልድይ መሆኑን፣ ግንበኞቹም ከሕንድ የመጡ መሆናቸውን፣ በአውራጃዎቹ መካከል ንግድና መገናኘትን እንዳቀለለ ጽፏል። ሱስንዮስ ድልድዩን የፈለጉበት ምክንያት ግልጽ ነው። ቤተ መንግሥታቸው ከጣና ሰሜን ደንቀዝ ላይ ነበረ። ወንድማቸው ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ጎጃምን ይገዙ ነበር። በክረምት መልእክተኛ እንኳ የማያደርስ ወንዝ በመካከል ካለ ጎጃም ለንጉሡ በየዓመቱ ለሦስትና ለአራት ወር ባዕድ አገር ትሆናለች።

ለአላታ የተሰጠው «ፖርቹጋል ድልድይ» የሚለው ስም ስለዚህ ፍትሕ የጎደለው ይመስለኛል። ትእዛዙ የኢትዮጵያ ንጉሥ ነው፤ ቅስቱን የመሩት ግንበኞች ከሕንድ የመጡ ናቸው፤ ድንጋዩን የፈነቀለው፣ እንጨቱን የተሸከመው፣ ኖራውን ያቃጠለው ደግሞ ያገሬው ገበሬ ነው። ስሙ ያን ያህል ከመስፋቱ የተነሣ ደብረ ሊባኖስ ላይ የምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ያሠሩት ድልድይ እንኳ ዛሬ ለጎብኚ በፖርቹጋል ስም ይታያል።

የፋሲል ድልድዮች (1632–1667)

የሃይማኖቱ ጦርነት አገሩን በደም ካጠበ በኋላ ሱስንዮስ በ1632 የአባቶችን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ፋሲል ኢየሱሳውያኑን አባረሩ። ኖራውን ግን አላባረሩትም፤ የዚህ ታሪክ ትልቁ መታጠፊያም ይኸው ነው። ከአባታቸው ዘመን የተረፉት ባለሙያዎችና ከእነሱ የተማሩት የአገር ልጆች ጎንደርን ገነቡ። ሙያው ከአንድ እምነትና ከአንድ ወዳጅነት ተላቅቆ የአገር ሙያ ሆነ።

ትውፊት ለፋሲል ሰባት ድልድዮችን ይቆጥርላቸዋል። ከሁሉም ደፋሩ በ1660 አካባቢ ዓባይ ላይ፣ ከአላታ ብዙ ዝቅ ብሎ፣ በሞጣና በእስቴ አቅጣጫ መካከል የተሠራው ነው። ዓባይ እዚያ ገደሉ ጠልቆ፣ ውኃው በዝቶ ይገኛል፤ አንድ ቅስት ስላልበቃ ትልቁ መሐል ላይ ሆኖ ትንንሾቹ ከዳር ተደረደሩ። ትንንሾቹ ቅስቶች ለውበት የተጨመሩ አይደሉም፤ በነሐሴ ሙላት ውኃው ከፍ ሲል መተንፈሻ ይሆኑታል። ድፍን ግንብ ቢሆን ኖሮ ሙላቱ በአንድ ክረምት ገፍቶ ይጥለው ነበር።

የእንቁላሉ ወሬ የሚጀምረው እዚህ ነው። ጎንደሬውም ጎጃሜውም ኖራው በእንቁላል እንደቦካ ይነግርሃል፤ ደብረ ሊባኖስ ስትደርስ ወሬው የሰጎን እንቁላል ይሆናል። ለእኔ ወሬው የሚናገረው ስለ ግንባታው ብቻ አይደለም። ገበሬው ከቤቱ የወጣውን ነገር ያስታውሳል። ድልድዩን ንጉሥ አሠራው ከተባለ በኋላ «እንቁላሉስ የማን ነው?» የሚል ጥያቄ በተረቱ ውስጥ ተቀምጧል፤ መልሱም የታወቀ ነው።

ሁለቱ ዳር (1700ዎቹ–1855)

ድልድዮቹ ሲቆሙ መንገዱ በራሱ ጊዜ መጣ። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ በወሎና በላስታ በኩል የሚያልፈው አሞሌ ጨው ወደ ጎጃም ይገባል፤ ከደቡብ በባሶ ገበያ በኩል የመጣው ዝባድ፣ ቡናና ወርቅ፣ በገመድ የታሰረውም ባሪያ ወደ ጎንደር ይሄዳል። ሲራራ ነጋዴ አጋሰሱን ጭኖ ዓባይን በድልድይ ሲሻገር ጨው በውኃ ረጥቦ አያልቅበትም። ይህን ትንሽ የሚመስል ጥቅም ጨው የሚነግድ ሰው ብቻ ያውቀዋል።

ጋብቻም በድልድዩ አቅጣጫ ሄደ። የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ለጎጃሙ ደጃዝማች ዮሴዴቅ ተዳሩ፤ ሞጣ ጊዮርጊስን ያስተከሉት እሳቸው ናቸው፤ ልጃቸው ራስ ኃይሉ ጎጃምን ገዛ። የጎንደር ቤተ መንግሥትና የጎጃም መኳንንት በሥጋ ተዛመዱ።

ዝምድናው ግን ጦርነትን አላስቀረም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 አላታ ላይ ሲደርስ ያየው ድልድይ ሃያ አምስት ጫማ ያህል የሚሰፋ አንድ ቅስት ነበር፤ ጫፎቹ ዐለት ውስጥ ገብተው ጸንተዋል፤ የግራና የቀኙ መከለያ ግንብ ግን ፈራርሶ ቁራጩ ብቻ ቀርቷል። ብዙ ጊዜ እንደተጠገነ፣ ብዙ ጊዜም ሊያፈርሱት እንደሞከሩ ግንቡ ላይ ይታይ እንደነበር ይነግረናል። በዚያን ጊዜ ድልድዩ ገና መቶ ሃምሳ ዓመት አልሞላውም። ሊያፈርሰው የሞከረው ሰው ድልድይ የሚጠላ አልነበረም፤ ከማዶ የሚመጣበትን ፈርቶ ነው። የድልድዮቹ ታሪክ ከዚህ በኋላ የሚመላለሰው በዚህ ፍርሃት ዙሪያ ነው።

የዘመነ መሳፍንቱ ጌቶች ደብረ ታቦርን ማዕከል ያደረጉት የየጁ ራሶች ነበሩ፤ አገራቸው ወሎ ነው። ከዓባይ ማዶ ደግሞ የጎጃም መኳንንት፣ በመጨረሻም ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴና ልጃቸው ብሩ ጎሹ ነበሩ። አንዱ ተሻግሮ ሲዘምት ሌላው ተሻግሮ ይመልሳል። ለገበሬው በዚያ ወቅት ድልድይ ማለት ወታደር የሚመጣበት በር ማለት ነበር፤ ከድልድዩ አጠገብ የሚኖር ሰው እህሉን ቀድሞ የሚያጣ ሰው ነው።

ከመቅደላ እስከ ምኒልክ (1855–1913)

ዐፄ ቴዎድሮስ የመሳፍንቱን ዘመን በ1855 ዘጉት። መንገድ ሠሪ ንጉሥ ነበሩ። በ1867 መጨረሻ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሲያቀኑ ድንጋዩን በገዛ እጃቸው እየፈነቀሉ ወደ ዓባይ የሚወርዱትን የጅጣንና የበሽሎን ወንዞች ገደል በመንገድ አስጠቀለሉት። ድልድይ ግን አላሠሩም፤ ጊዜ አልነበራቸውም፤ በጋውም በሽሎን አሳንሶላቸው ነበር። በሚያዝያ 1868 እሳቸውን ሊወጋ የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦርም ያንኑ በሽሎን በእግሩ ረግጦ ተሻገረ። ያ ክረምት ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ምን ይመስል ነበር የሚለውን ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ ሳያስበው አይቀርም።

የዓባዩ የፋሲል ድልድይ በበኩሉ ከዚያ በፊት መሐሉ ተሰብሮ ነበር። በምኒልክ ዘመን፣ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ ተጠገነ። ዳንግላ ላይ ቆንስል የነበረው እንግሊዛዊው ቺዝማን ዓባይን በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ መጀመሪያ ዳር ለዳር ሲያጠና ከጣና እስከ ሱዳን ወሰን ያገኘው ይህንና አላታን፣ ሁለት ድልድይ ብቻ ነው። ያን ሁሉ ርቀት ለሚሄድ ወንዝ በሦስት መቶ ዓመት ውስጥ ሁለት ድልድይ! ከፋሲል በኋላ እስከዚያ ድረስ ሌላ ዓባይ ላይ ቅስት የዘረጋ አልተገኘም።

በጠላት ዘመን (1936–1941)

ጣሊያን ጎጃምን ሲይዝ መኪና መንገድ፣ ምሽግና ስልክ ይዞ መጣ። በላይ ዘለቀ፣ ነጋሽ በዛብህ፣ መንገሻ ጀምበሬ፣ ኃይሉ በለው ጎጃም ላይ ጫካ ገቡ። የዓባይ ገደል ለአርበኛው መጠጊያ ሆነ። በበጌምድር ወገን ያለው የጠላት ጦር ዛሬ ሰባራ ድልድይ በሚባለው በፋሲል የዓባይ ድልድይ በኩል ተሻግሮ ከኋላ እንዳይመጣ አርበኞች መሐለኛውን ቅስት ሰበሩት።

ውሳኔው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ገደሉን የሚያውቅ ሰው የራሱን መንገድ ቆርጦ ጠላትን ሲያቆም ምን እያጣ እንደሆነ ያውቃል። ቅስት ደግሞ አሠራሩ እንዲህ ነው፦ መሐሉ ከተነካ ያው ቅስት ሙሉው ይወርዳል፤ በየራሳቸው እግር የቆሙት የዳሮቹ ቅስቶች ግን ይተርፋሉ። ስለዚህ ድልድዩ ከሁለቱም ወገን ወጥቶ መሐሉ ላይ ባዶ ሆኖ ቀረ። ነፃነት በ1941 ተመለሰ። መሐለኛው ቅስት አልተመለሰም።

ገመድ (1941–2001)

ከዚህ የሚቀጥለው ስድሳ ዓመት ነው ልቤን የሚነካኝ። ሸፈርታክ ላይ ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚወስደው ትልቅ ድልድይ ተሠራ፤ ባሕር ዳር ላይም ተሠራ፤ መኪና ዓባይን በደቂቃ መሻገር ጀመረ። የሞጣና የእንዳቤት ቆላ ገበሬ ግን መኪና አልነበረውም። በሁለቱም ወገን ገበያ አለው፣ ዘመድ አለው፣ ለቅሶና ሠርግ አለው። ስለዚህ በተሰበረው ቦታ ላይ ገመድ ዘረጋ።

በሁለቱም ጫፍ አሥር የሚያህሉ ጎበዞች ይቆማሉ። የሚሻገረው ሰው ወገቡን ይታሰራል፤ ከወዲህ ያሉት ቀስ ብለው ይለቁለታል፣ ከወዲያ ያሉት ይስቡታል፤ ሰውየው ከሥሩ ዓባይ እየጮኸ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ያልፋል። ፍየልም፣ የጤፍ ጆንያም፣ እናትም ያለፈችው እንዲሁ ነው። ገመድ የተበጠሰበት፣ እጅ የከዳበት ጊዜ አልጠፋም። በአራተኛው መቶ ዓመቱ ላይ ያለ ድልድይ እንደገና ወደ ዋናተኛውና ወደ ተነፋው ቁርበት ዘመን ሊመለስ ምንም አልቀረውም ነበር።

በታኅሣሥ 2000 የወጣው የናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ስለ ዓባይ በያዘው ዘገባ ላይ የዚህን ገመድ ፎቶግራፍ አተመ። አሜሪካ ውስጥ ኬን ፍራንዝ የተባለ የግንባታ ባለሙያ በ2001 ፎቶውን አየው፤ ይህንኑ ድልድይ ለመጠገን ተነሣ። ብሪጅስ ቱ ፕሮስፔሪቲ የተባለው፣ በኋላ በብዙ አገር የእግረኛ ድልድይ የሠራው ድርጅት የተወለደው ከሰባራ ድልድይ ነው። የአካባቢው ሰውና አህያ ብረቱን ቁራጭ በቁራጭ ገደሉን አውርደው አደረሱት፤ ባዶው ቦታ በብረት ተሸፈነ፤ ሰው በእግሩ ተሻገረ።

ሙላትና ተንጠልጣይ (2005–2009)

«ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለውን ተረት የፈጠረ ሰው ዓባይን በክረምት ያየ ነው። በ2005 ሙላቱ ከድልድዩ ላይ ወጣ፤ ከደጋው የመጣው ኃይል ብረቱን ጠርጎ ወሰደው። የፋሲል የዳር ቅስቶች ግን ቆመው ቀሩ። ጠጋኞቹ ከዚያ ትምህርት ወስደው በ2009 ከአሮጌው ድልድይ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ሙላት የማይደርስበት ከፍታ ላይ፣ በሽቦ የሚንጠለጠል የእግረኛ ድልድይ ሠሩ። ገበያተኛው በዚያ ያልፋል። ሰባራው ከነስብራቱ አጠገቡ አለ።

አላታ ዛሬ

ባሕር ዳር ላይ በ2024 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት አለው። ከእሱ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ አላታ አሁንም ሥራ ላይ ነው፤ ጠዋት አህያና ገበያተኛ፣ ከዚያ ወደ ፏፏቴው የሚሄድ ጎብኚ ይረግጠዋል። ግንቡ ውስጥ ሥር የሰደደ ቁጥቋጦ በየክረምቱ ድንጋዩን ያላቅቃል፤ ክፍተቱን በሲሚንቶ መድፈን ቀላል ነውና ፈተናው ትልቅ ነው። ሲሚንቶ ከአሮጌው ኖራ ይጠነክራል፤ እርጥበቱን ግንቡ ውስጥ ዘግቶ ያስቀረዋል፤ ድንጋዩም ከዳሩ ይፈረካከሳል። ጎንደር ላይ ይህ በዓይን ታይቷል፤ ጣሊያኖች በቤተ መንግሥቶቹ ላይ የጨመሩት ሲሚንቶ በ1970ዎቹ በተደረገው ጥገና ተነሥቶ በኖራ ተተካ። አላታንም የሚጠግን ሰው መጀመሪያ መጥራት ያለበት ኖራ ማቃጠልና ማብላላት የሚያውቁትን ግንበኞች ነው፤ ሙያቸው ደግሞ ከእነሱ ጋር ሳያልፍ ልጆች አብረዋቸው ግንቡ ላይ መውጣት አለባቸው።